“ኢን ዘ ዉድስ”፦ ስለ ወጣቱ መርማሪ ልብ ወለድ አንባቢዎች ደጋግመው የሚጠይቁት

የታና ፍሬንች “ኢን ዘ ዉድስ” (“ጫካው ውስጥ” ማለት ነው) ከወጣበት ጊዜ አንስቶ አንባቢን ለሁለት እንደከፈለ ነው። ግማሹ “ካነበብኩት ስንት ጊዜ ሆነኝ፣ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም” ይላል። ግማሹ የመጨረሻውን ገጽ ዘግቶ “ይሄን ሁሉ ያነበብኩት ለዚህ ነው እንዴ?” ብሎ ይበሳጫል። እኔ ከወዳጆቹ ወገን ነኝ። የተበሳጩት ግን ያለ ምክንያት አልተበሳጩም። ስለዚህ የነሱንም ጥያቄ እንደ ቁም ነገር ይዤዋለሁ።

ገዳዩ ማን እንደሆነ እዚህ ገጽ ላይ አልጽፍም። ታሪኩ ውስጥ ስላለው የድሮ ጉዳይ ፍጻሜ የሚያነሱት ጥያቄዎች “ላነበበ ብቻ” የሚል ምልክት አላቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ በአጭሩ ምንድን ነው?

ጊዜው 1984 ነው። ቦታው አየርላንድ፣ ከደብሊን ወጣ ብላ የምትገኝ ኖክናሪ የምትባል መንደር። መንደሯ የደራሲዋ ፈጠራ ናት። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን ሦስት የ12 ዓመት ጓደኛሞች ጫካ ሊጫወቱ ገቡ። ሲመሽ አልተመለሱም። ፖሊስ ጫካውን ሲያስስ ያገኘው አንዱን ልጅ ብቻ ነው። ልጁ ጀርባውን ዛፍ ላይ ለጥፎ፣ ጥፍሮቹን ቅርፊቱ ውስጥ ቀብሮ ቆሟል። ከኔቴራው ጀርባ ላይ አራት ትይዩ ቅዳጆች አሉ። ጫማው ውስጥ ደም አለ፤ ደሙ ግን የሱ አይደለም። ምን እንደሆነ ሲጠየቅ አንድም ነገር አያስታውስም። ሁለቱ ጓደኞቹ ፒተርና ጄሚ የገቡበት ጠፋ።

ያ ልጅ አዳም ይባል ነበር። ወላጆቹ እንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩት። አነጋገሩ ተለወጠ፤ ስሙም ሮብ ሆነ። ከ20 ዓመት በኋላ ሮብ ራያን ደብሊን ውስጥ የግድያ መርማሪ ነው። ገና ሠላሳዎቹን መጀመሩ ነው። የሥራ ጓደኛው ካሲ ማዶክስ ደግሞ ከሱም ታንሳለች። አንድ ቀን ኖክናሪ አጠገብ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ላይ ኬቲ ዴቭሊን የምትባል የ12 ዓመት ልጅ ተገድላ ትገኛለች። አስከሬኗ የተኛው ከነሐስ ዘመን በተረፈ የመሥዋዕት ድንጋይ ላይ ነው። ጉዳዩ ለሮብና ለካሲ ይሰጣል። የሮብን ያለፈ ሕይወት ከባልደረቦቹ መሃል የምታውቀው ካሲ ብቻ ናት።

ሮብ እንዴት ጉዳዩን ሊይዝ ቻለ? ይሄ አይከለከልም?

ይከለከላል እንጂ! ይህ ጥያቄ ነው የመጽሐፉ ቁልፍ።

መርማሪ ከጉዳዩ ጋር የግል ንክኪ ካለው ለአለቃው ተናግሮ መውጣት አለበት። የትም አገር ያለ ነገር ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ተከላካይ ጠበቃ ይህን ቢያውቅ ማስረጃውን ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል። ሮብ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ካሲም ታውቃለች። ያም ሆኖ ዝም ይላሉ።

ዝምታው በአንድ ጊዜ አይመጣም። ፍሬንች ቀስ እያደረገች ነው የምታስገባቸው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ጉዳዮች የተያያዙ አይመስሉም፤ ስለዚህ የሚነገር ነገር የለም። ቀጥሎ ወንጀሉ ከተፈጸመበት አካባቢ አንድ የፀጉር ማስያዣ ትገኛለች። ሮብ ሲያያት ያውቃታል፤ የጄሚ ናት። ያኔ ነበር መናገር የነበረበት። ቢናገር ግን ከጉዳዩ ይወጣል። 20 ዓመት ሙሉ የተዘጋው በር ሊከፈት ሲል እሱ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ነገ እናገራለሁ፣ ከነገ ወዲያ እናገራለሁ እያለ ይቆያል።

“መርማሪው እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም፣ ደራሲዋ ናት ያበላሸችው” የሚሉ አሉ። አልስማማም። ልምድ ያለው ሰው ምናልባት አያደርገው ይሆናል። ሮብ ግን ገና ድሮ ፖሊስ የሆነው በዚያ ጫካ ምክንያት ነው። እዚያ ደረጃ ለመድረስ ብዙ ለፍቷል። ፈጽሞ ሊይዘው የማይገባ ጉዳይ ደግሞ እጁ ላይ ወደቀ። ኬቲን ማን ገደላት ከሚለው ጎን ለጎን፣ እሱ ማንን ይዞ እየወደቀ ነው የሚለውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ተራኪውን ጠላሁት። እኔ ብቻ ነኝ?

በፍጹም። ከአንባቢ አስተያየቶች ሁሉ ምናልባት ዋነኛው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ራሱን ይወዳል፣ ለሴቶች ያለው አመለካከት ያበሳጫል፣ ጥፋቱን በሌላ ላይ ያላክካል፣ የሚወደውን ሰው ይጎዳል። ዝርዝሩ ትክክል ነው።

ግን ልብ በሉ። ይህን ሁሉ የነገረን ማን ነው? ራሱ ሮብ ነው። ታሪኩ በሙሉ በሱ አንደበት፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ የተነገረ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ እውነትን እንደሚፈልግና እንደሚዋሽ ለአንባቢ ሳይደብቅ ይናገራል። ሙያው ነው፤ መርማሪ ከተጠርጣሪ ቃል ለማውጣት የማይለው ነገር የለም። እኛ ግን ጣፋጭ አነጋገሩን ስንሰማ ማስጠንቀቂያውን እንረሳዋለን።

ሁለተኛ ጊዜ ያነበቡ ሰዎች ሌላ መጽሐፍ ያነበቡ ያህል ሲደነቁ አይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ያመኑት ሰው እንዴት እንደሸነገላቸው ያያሉ። “እኔ ያኔ አላወቅኩም ነበር” በሚልበት ቦታ ሁሉ ማወቅ ይችል እንደነበር ይገባቸዋል። የማልወደውን ሰው 400 ገጽ ማዳመጥ አልፈልግም ለሚል አንባቢ ግን መጽሐፉ ይከብደዋል። ያ አንባቢ ቢተወው አልፈርድበትም።

ካሲን ሁሉም ለምን ይወዳታል?

ስለምትወደድ ነው! ቬስፓ ሞተር ሳይክል ትነዳለች፤ ፈጣን ናት፤ ቀልድ ታውቃለች፤ ሥራዋ ላይ ደግሞ ከሮብ ትበልጣለች። ወደ ግድያ ክፍል ከመምጣቷ በፊት ማንነቷን ቀይራ ወንጀለኞች መሃል ገብታ ሠርታለች።

ከዚህ መጽሐፍ አንድ ነገር ምረጥ ብባል የሁለቱን ጓደኝነት ነው የምመርጠው። ሳንዲማውንት የሚባል ሰፈር ካሲ የምትኖርበት ከፎቅ ጫፍ ያለች ትንሽ ቤት አለች። ማታ ማታ ሮብ እዚያ ይሄዳል። ምግብ ይሠራሉ፣ ወይን ይጠጣሉ፣ የምርመራውን ፎቶና ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተው ይከራከራሉ። ሲመሽ እሱ ሶፋው ላይ ይተኛል። መሃላቸው ሌላ ነገር የለም። ወንድና ሴት መርማሪ ሲገናኙ በሁለተኛው ምዕራፍ ፍቅር የሚጀምርበት ልብ ወለድ ለሰለቸን ሰዎች ይሄ እፎይታ ነው። ወንድምና እህት የሚመስሉ፣ አንዱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሌላው የሚጨርስ ዓይነት ሰዎች ናቸው።

ይህ ጓደኝነት ሲበላሽ ያማል። ብዙ አንባቢ ለኬቲ ሞት ያላለቀሰውን ለነሱ መለያየት ያለቅሳል። እንዴት እንደሚበላሽ ካነበባችሁ በኋላ “ሮብ ምን ነካው?” ብላችሁ መጮኻችሁ አይቀርም። እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው። ሮብ በልጅነቱ የሚወዳቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን ጠፉበት። አሁን አንድ ሰው በጣም ሲቀርበው ይደነግጣል። ሳይቀድሙት ቀድሞ ይሸሻል። ምክንያቱ ይህ ነው። ይቅርታ ግን አያሰጠውም። ፍሬንችም አትሰጠውም።

ይረዝማል፣ ቀስ ይላል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ከ400 ገጽ በላይ ነው። ተኩስና ሩጫ እንዳትጠብቁ። አብዛኛው ነገር የሚሆነው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በንግግር ነው። መሃል አካባቢ ምርመራው ቆሞ የቀረ የሚመስልበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ የሚያቋርጡ አሉ። እኔ ብትታገሱት እላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ቃል የመቀበያ ትዕይንት ከዚህ ዘርፍ ካነበብኳቸው ምርጡ ነው። መርማሪ አንድን ሰው ሳይነካው፣ ሳይጮኽበት፣ በጥያቄ ብቻ እንዴት እንደሚፈታታው ታያላችሁ።

የአውራ ጎዳናው ነገር ለምን ገባ? እኔ ዘልዬው ነው ያለፍኩት።

ብዙ ሰው ይዘለዋል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ ዓይን ያለው እዚያ ነው።

ቁፋሮው ቦታ ላይ አርኪዮሎጂስቶቹ ቀን እየቆጠሩ ነው የሚሠሩት። ትንሽ ጊዜ ቀርቷቸዋል፤ ከዚያ በላዩ አውራ ጎዳና ያልፋል። የኬቲ አባት ጆናታን ዴቭሊን መንገዱ ሌላ ቦታ ይዛወር የሚለውን ዘመቻ ይመራል። የዛቻ ስልክ ይደወልለታል። ስለዚህ ልጅቷ የተገደለችው በዚህ ሰበብ ይሆን ወይ የሚለው አንዱ የምርመራው መንገድ ይሆናል። ሳም ኦኒል የሚባለው ሦስተኛው መርማሪ በአካባቢው ያለውን መሬት ማን ገዛው፣ መቼ ገዛው እያለ ይቆፍራል። የሚያገኘው ነገር ወደ ትልልቅ ሰዎች ይወስደዋል።

ይሄ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ 2008 አካባቢ አየርላንድ “ኬልቲክ ታይገር” የተባለው የሀብት ዘመን ላይ ነበረች። ትናንት ድሃ የነበረ አገር በአንድ ጊዜ ገንዘብ በገንዘብ ሆነ። ቤት፣ መንገድ፣ የገበያ ማዕከል በየቦታው ይሠራ ጀመር። መሬትን ከእርሻ ወደ ግንባታ ለማዞር ለፖለቲከኞች ጉቦ ይሰጥ እንደነበር መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል። ኮሚሽኑ ሥራውን የጀመረው በ1997 ነው፤ የመጨረሻ ሪፖርቱን ያወጣው በ2012።

የቅርስና የመንገድ ጠቡም እውነተኛ ነው። ኤም 3 የተባለው አውራ ጎዳና የጥንት ነገሥታት መናገሻ በነበረው በታራ ኮረብታ አጠገብ ባለው ሸለቆ እንዲያልፍ ሲወሰን አገር ምድሩ ተሟገተ። ሰልፍ ተወጣ፣ ፍርድ ቤት ተኬደ። መንገዱ በ2010 ተመረቀ። ካሪክማይንስ የሚባለው የመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽም በሌላ መንገድ ምክንያት እንዲሁ አወዛግቧል። መጽሐፉ የታተመው ይህ ክርክር ትኩስ ሆኖ ሳለ ነው።

አሁን ወደ ሮብ እንመለስ። ሁለት ልጆች የጠፉበት ጫካ በአስፋልት ሊሸፈን ነው። እዚያ መሬት ውስጥ የሚገኝ ነገር ካለ ለዘላለም ሊቀበር ነው። ሮብ ለምን እንደሚቸኩል፣ ለምን እንደማይናገር ግማሹ መልስ ይሄ ነው። ያደገበት ሰፈር ፈርሶ መንገድ የሆነበት አንባቢ ይህን ክፍል የሚዘለው አይመስለኝም።

የፖሊስ ሥራው እውነተኛ ነው? “መርደር ስኳድ” የሚባል ክፍል አለ?

በመጽሐፉ ውስጥ ክፍሉ ቢሮው ደብሊን ካስል ግቢ ውስጥ ነው። ግድያ ብቻ የሚመረምሩ የተመረጡ ሰዎች አሉት። በገሃዱ ዓለም እንዲህ ያለ ክፍል የለም፤ ደራሲዋ ፈጥራው ነው። አየርላንድ ውስጥ ግድያ ሲፈጸም የየአካባቢው መርማሪዎች ናቸው የሚይዙት። ከማዕከል የሚመጡ ባለሙያዎች ያግዟቸዋል።

የተቀረው ግን የአገሩን መልክ የያዘ ነው። የአየርላንድ ፖሊስ በ1922 ነው የተቋቋመው። ሕዝቡ “ጋርዳ” ይለዋል። ደንብ ልብስ የሚለብሰው ፖሊስ በአብዛኛው ሽጉጥ አይታጠቅም። የአሜሪካ ፊልም የለመደ አንባቢ ይሄ ግር ይለዋል። መጽሐፉ ውስጥ ሽጉጥ መዞ በር የሚሰብር የለም። ያለው ወረቀት ነው፣ ስልክ ነው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ “ያን ቀን ምን አያችሁ?” ብሎ መጠየቅ ነው።

አንዲት ነገር ግን ልጠቁም። በምርመራው ጊዜ ሮብ ሳያጣራ በአፍ የተቀበላት አንዲት ተራ መረጃ አለች። ማንም ሰው መታወቂያ አይቶ በአንድ ደቂቃ ሊያረጋግጣት የሚችላት ናት። እሱ አላረጋገጣትም። ያቺ መረጃ ያን ሁሉ ልፋት ገደል ትከተዋለች። አንዳንድ አንባቢ “ይሄማ የማይመስል ነገር ነው” ይላል። እኔ ግን መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ከእውነት የሚጠጋው ይሄ ይመስለኛል። ክስ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነው።

ገዳዩን መሃል ላይ አወቅኩት። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ልብ ሰቀላው?

ብዙ ሰው ያውቀዋል። ደራሲዋም ያን ያህል የደበቀችው አይመስለኝም። አንባቢው ቀድሞ ያየውን ሮብ ለምን ማየት አቃተው? ልብ የሚሰቅለው እሱ ነው። ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው የሚያየው በራሱ ቁስል በኩል ነው። አንጀቱን የበላው ሰው ሁሉ ንጹሕ ይመስለዋል። እናንተ “ኧረ ተው፣ አትመነው!” እያላችሁ ገጹን ስትገልጡ፣ እሱ እየገባበት ይሄዳል። ይህን እያዩ ማንበብ ገዳዩን ከመገመት በላይ ያስጨንቃል።

ላነበበ ብቻ፦ የ1984ቱ ጉዳይ ለምን አልተፈታም? ተታለልኩ።

የኬቲ ገዳይ ይታወቃል። ፒተርና ጄሚ ምን እንደሆኑ ግን መጽሐፉ አይነግረንም። ከዚህ በላይ አንባቢን ያናደደ ነገር የለም፤ ንዴቱም ይገባኛል። የወንጀል ልብ ወለድ ከአንባቢ ጋር ያልተጻፈ ውል አለው። ጥያቄ ካነሳህ መልስ ትሰጣለህ። እዚህ ደግሞ ጥያቄው በመጀመሪያው ገጽ ነው የተነሳው፤ የመጽሐፉም ስም ከሱ የመጣ ነው። ያንን ይዞ እስከ መጨረሻ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ቢቆጣ ምን ይገርማል?

ግን አንድ ነገር አስቡ። መልሱ የት ነው ያለው? ሮብ አእምሮ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ምስክር የለም። ደራሲዋ መልሱን ለመስጠት ወይ ሮብ በድንገት ማስታወስ አለበት፣ ወይ አንድ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ቀርቦ መናዘዝ አለበት። ሁለቱም ውሸት ይሆኑ ነበር። ሮብ አንድ ሌሊት ብቻውን እዚያ ጫካ ውስጥ ሊያድር ይሄዳል፤ ምናልባት ትዝ ይለኛል ብሎ። ሊመጣለት ሲል ፍርሃቱ ያሸንፈዋል። ካሲ መጥታ እንድታወጣው ይደውልላታል። ለኔ መልሱ እዚያ ነው የተዘጋው። ጫካው የሰጠውን ዕድል አልተቀበለም። ከዚያ በኋላ ትዝታው ጭራሽ እየራቀ ይሄዳል፤ መልካሙም ትዝታ አብሮ ይጠፋል።

ልጅ ጠፍቶባቸው የቀሩ ቤተሰቦች በሕይወት የሚኖሩት ይሄንኑ ነው። መቃብር የለ፣ እርም የሚወጣበት ቀን የለ። ዘመድ የሚናፍቀው እውነቱን ማወቅ ነው፤ እሱም አይመጣም። ፍሬንች አንባቢውን ለትንሽ ጊዜ እዚያ ቦታ አስቀመጠችው። ይህን ማድረጓ ድፍረት ነው እላለሁ።

ላነበበ ብቻ፦ ጓደኞቹን የገደለው ራሱ ሮብ ይሆን?

አንባቢዎች ዘንድ ሦስት ግምት ይዞራል። አንደኛው፣ የሰው እጅ ነው፤ አንድ ያልተያዘ ወንጀለኛ አለ የሚል። ሁለተኛው፣ ጫካው ውስጥ ሰው ያልሆነ ነገር አለ የሚል ነው። የከኔቴራው ቅዳድ የጥፍር ጭረት ይመስላል፣ ሮብም የሚሰማቸው እንግዳ ድምፆች አሉ፣ አየርላንድ ደግሞ በጫካ መናፍስት ተረት የታወቀች አገር ናት። ሦስተኛው ሮብ ራሱ ነው የሚል ነው።

ሦስተኛውን የሚሉት ሰዎች ማስረጃቸው ደሙና ውሸቱ ነው። ሮብ እንደሚዋሽ ተናግሯል፤ እንግዲህ ትልቁ ውሸት ይሄ ቢሆንስ? ይላሉ። እኔ አላምንም። ጀርባው ላይ ያለው ቅዳድና ዛፍ ላይ ተለጥፎ የተገኘበት ሁኔታ አንድ ነገር ያስደነገጠውን ልጅ ነው የሚያሳዩት። ደግሞም የ12 ዓመት ልጅ ሁለት ጓደኞቹን ያን ሁሉ ፖሊስ ፈልጎ በማያገኝበት ቦታ እንዴት ይሰውራል? ቢሆንም መጽሐፉ ይህን በር አልዘጋውም፤ ክርክሩ ይቀጥላል።

በቀጣዮቹ መጻሕፍት ላይ ይፈታል? በቅደም ተከተል ነው የሚነበቡት?

አይፈታም። ለሱ ብላችሁ አትግዙ።

ተከታታዩ ስድስት መጽሐፍ ነው፤ የመጨረሻው በ2016 ወጣ። በየመጽሐፉ ተራኪው ይቀየራል። በአንዱ ውስጥ ዳር ላይ የታየ መርማሪ በሚቀጥለው ዋና ሰው ይሆናል። በ2008 የወጣው ሁለተኛው “ዘ ላይክነስ” የካሲ ነው። የሮብን መጽሐፍ ያልወደዱ ብዙዎች ይሄን ወደውታል። ሁለቱን በተራ ማንበብ ይሻላል፤ ካሲ ከምን ወጥታ እንደመጣች ካላወቃችሁ ግማሹ ስሜቱ ይቀርባችኋል። ሌሎቹን እንደ ፈለጋችሁ።

ደራሲዋ ማን ናት?

የተወለደችው አሜሪካ ነው። ልጅነቷን አየርላንድ፣ ጣሊያንና ማላዊ ጭምር እየተዘዋወረች ነው ያሳለፈችው። ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምራ ተዋናይ ነበረች። ይሄ ጽሑፏ ላይ ይታያል፤ ተራኪዎቿ መድረክ ላይ እንደቆመ ሰው ነው የሚናገሩት። ቁፋሮ ቦታ በሠራችበት ጊዜ አጠገቡ ጫካ ነበረ። ሦስት ልጆች እዚህ ገብተው አንዱ ብቻ ቢወጣስ? ከሚል ሐሳብ መጽሐፉ ተጀመረ። የመጀመሪያ ሥራዋ ሲሆን በ2008 ለወንጀል ልብ ወለዶች የሚሰጠውን የኤድጋር ሽልማት በምርጥ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ዘርፍ አሸንፏል።

ተከታታይ ፊልሙን ባይ ይበቃኛል?

“ደብሊን መርደርስ” ይባላል፤ በ2019 ወጣ፤ ስምንት ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት አንድ ላይ ቀላቅሏቸዋል። ተዋናዮቹ ጥሩ ናቸው፤ ካሲን የሆነችው ሳራ ግሪን በተለይ። ችግሩ ግን ሁለት ታሪክ በስምንት ክፍል ሲጨናነቅ ጓደኝነታቸው የሚተነፍስበት ቦታ ያጣል። የሮብ ድምፅም የለም። እሱ ሲዋሸን የምንሰማበት መንገድ ከጠፋ የመጽሐፉ ግማሽ ጠፋ ማለት ነው። መጀመሪያ አንብቡ፣ ከዚያ እዩ።

እንግሊዝኛው ይከብዳል?

ትንሽ። ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ናቸው፣ ገለጻው ይበዛል፣ የደብሊን የመንገድ ቋንቋም አለበት። የመጀመሪያዎቹን 50 ገጾች ቀስ ብላችሁ ያዙት። ከዚያ ጆሯችሁ ይለምደዋል። በድምፅ የተቀረጸውን እየሰሙ ማንበብ የረዳቸው ሰዎች አሉ።

ለታዳጊ ልጅ ልስጠው?

አይሆንም። ወጣት ፖሊስ ስላለበት ብቻ የወጣቶች መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ። የሕፃን ግድያ አለ፣ የወሲብ ጥቃት አለ፣ ቤት ውስጥ የሚፈጸም ስውር ጭካኔም አለ። ደም አይበዛበትም፤ ግን የሚነገረው ነገር ይከብዳል። ልጅ የሞተባቸው ወይም የጠፋባቸው ሰዎችም አስቀድመው ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ታዲያ ለማን ነው የሚሆነው?

ፍንጭ እየለቀመ ከመርማሪው ቀድሞ መድረስ ለሚወድ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሰው ሳሎን ተሰብስቦ ሚስጥሩ እንዲገለጥ ለሚፈልግ አንባቢ አይደለም። ያ ዓይነት ልብ ወለድ የራሱ ደስታ አለው፤ እኔም እወደዋለሁ። ይሄኛው ግን የሚሆነው ሰውን ለመረዳት ለሚያነብ ነው። ጎበዝ፣ ተግባቢ፣ ሥራውን የሚወድ ወጣት ፖሊስ አንድ ነገር ባለመናገሩ ሥራውን፣ ጓደኛውንና ራሱን እንዴት እንዳጣ በቅርብ ማየት ከፈለጋችሁ ጀምሩት። የሚያነብ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ አብራችሁ ጀምሩ፤ ሲያልቅ የምትከራከሩት ሰው ያስፈልጋችኋል።